ለመጠባበቂያ ኃይል ባዮጋዝ በቤት ሲዘጋጅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መብራት በየጊዜው በሚጠፋባቸው ሰፈሮች፣ በተለይም በከተማ ዳርቻ ጥቂት ከብት በሚያረቡ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ከእበትና ከኩሽና ጥራጊ ጋዝ አብላልቶ ለክፉ ቀን የማቆየት ሐሳብ እየተለመደ መጥቷል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከኔፓል ንድፍ ተወስዶ የተሻሻለውንና «ስንዱ» የተባለውን ከመሬት በታች የሚገነባ ማብላያ በሺዎች በሚቆጠሩ አርሶ አደሮች ግቢ አስገንብቷል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ግን የሠለጠነ ግንበኛ ሳይጠሩ በበርሜልና በሮቶ በገዛ እጃቸው የሚሞክሩ ሰዎች የሚሠሯቸው ናቸው፤ ግማሾቹን እኔው ራሴ ደብረ ብርሃን ግቢዬ ውስጥ ሠርቻቸዋለሁ። አብዛኞቹ የሚመነጩት ጋዙን የሚሰጠን በርሜሉ ሳይሆን በውስጡ የሚኖሩት፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን መሆናቸውን ከመዘንጋት ነው። ማብላያ እንደ ላም ነው፤ ይበላል፣ ይበርደዋል፣ ይታመማል፣ ያልተስማማውን ከበላም ወተቱን ይነሳል።

መብራት ከጠፋ በኋላ መጀመር

አዲስ የተሞላ ማብላያ የሚነድ ጋዝ የሚሰጠው ሞቃት በሆነ አካባቢ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በደጋ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ለሦስት ቀን መቋረጥ ብሎ ዛሬ በርሜል መሙላት ትርጉም የለውም። መጠባበቂያ የሚሆነው በደኅናው ጊዜ በየቀኑ እየተመገበና ጋዙም በየቀኑ እየተቃጠለ የሚኖር ማብላያ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ አይነድም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ማድረግ የሚገባው የመጀመሪያውን፣ ካስፈለገም የሁለተኛውን ሙሌት ከእሳት ርቆ ሜዳ ላይ ማስተንፈስና እንደገና መጠበቅ ነው፤ ይህም ማብላያው ውስጥ የቀረውን አየር አብሮ ስለሚያስወጣ ለደኅንነትም ያስፈልጋል።

ሳያሰሉ መገንባት

በጣም የተስፋፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። አንድ ኪሎ እርጥብ የከብት እበት በጥሩ ሙቀት ሲብላላ ከ35 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። ይህ እበት በእኩል መጠን ውኃ ተበጥብጦ ሃምሳ ቀን ያህል ማብላያ ውስጥ መቆየት አለበት። እንግዲህ 200 ሊትር የሚይዝ የብረት በርሜል ያለው ሰው ያስብ፤ ለጋዝ ቦታ ትቶ 150 ሊትር ብጥብጥ ቢሞላበት፣ በቀን ሊጨምር የሚችለው ሦስት ሊትር፣ ማለትም አንድ ኪሎ ተኩል እበት ነው። ትርፉ በቀን 60 ሊትር ጋዝ ይሆናል። አንድ የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት ከ200 እስከ 400 ሊትር ስለሚበላ፣ የቀኑ ምርት አንድ ጀበና ቡና አፍልቶ ያልቃል።

አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ በዚሁ ስሌት በቀን ስምንት ኪሎ እበት ይበላል፤ 300 ሊትር ያህል ጋዝም ይሰጣል፤ ይህም የአንድ ሰዓት ማብሰያ ነው። ጄኔሬተር ሲመጣ ሒሳቡ የበለጠ ይከብዳል። አነስተኛ ጄኔሬተር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨት ወደ አንድ ሜትር ኩብ የሚጠጋ ጋዝ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የዚያ ሮቶ የሦስት ቀን ልፋት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ይውላል ማለት ነው። በዚህ ኃይል ባለ 10 ዋት አምስት አምፖሎች ለሃያ ሰዓት ይበራሉ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከሦስት ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላለትም። የእኔ ምክር ጋዙን በቀጥታ ለምድጃ ማዋል፣ ብርሃኑን ደግሞ በፀሐይ ከሚሞላ መብራት ማግኘት ነው፤ ምክንያቱም ጋዙ በሞተር ሲያልፍ ከኃይሉ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያም የሚበልጠው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ጄኔሬተር ግድ ከሆነም ሌሊቱን ሙሉ ለአንድ አምፖል ከማስነሣት ይልቅ ለአንድ ሰዓት በደንብ አሠርቶ ባትሪ መሙላት ይሻላል። እንጀራን በተመለከተ ደግሞ ተራ የባዮጋዝ ምድጃ እሳቱ መሐል ላይ ስለሚሰበሰብ ሰፊውን ምጣድ እስከ ጠርዙ እኩል አያግልም፤ ይህን አስቀድሞ ለቤቱ እመቤት መንገር ከኋላ ወቀሳ ያድናል።

ማብላያውን እንደ ቆሻሻ መጣያ ማየት

«ከቆሻሻ የሚገኝ ጋዝ» የሚለው አነጋገር ራሱ ያሳስታል፤ ሰው ሁሉ ያገኘውን መጣል ይጀምራል። የመጀመሪያው ሮቶዬ የተበላሸው በዚህ ነው። እበት ማመላለሱ ሰልችቶኝ ከአንድ ምግብ ቤት በየቀኑ አንድ ባልዲ ፍርፋሪ እንጀራ፣ የድንች ልጣጭና የተረፈ ወጥ እያመጣሁ እጨምር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ጋዙ ስለጨመረ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ምድጃው እየተርገበገበ ይጠፋ ጀመር፤ በሦስተኛው ክብሪቱን አፉ ላይ ሳስጠጋው ጋዙ ክብሪቱን ራሱን እፍ ብሎ አጠፋው። መመገቢያውን ስከፍት ከላይ ነጭ አረፋ ሸፍኖታል፤ ሽታውም የእበት መሆኑ ቀርቶ ለቀናት የተረሳ ቡሖ ሽታ ሆኗል። የሆነው ነገር ግልጽ ነው፦ ምግቡን ወደ አሲድ የሚለውጡት ሕያዋን ፈጣን፣ አሲዱን ወደ ሚቴን፣ ማለትም ወደሚነደው ጋዝ፣ የሚለውጡት ግን ዘገምተኛ ናቸው፤ በላይ በላዩ ሲጨመርባቸው አሲዱ ይጠራቀምና የኋለኞቹን ይገድላቸዋል። እንጀራ ደግሞ ቀድሞውኑ የኮመጠጠ ነው።

መድኃኒቱ ምግቡን ማቋረጥ፣ ትንሽ የእንጨት አመድ በውኃ በጥብጦ መጨመርና ከሚሠራ ማብላያ ወይም ከትኩስ እበት አዲስ እርሾ መስጠት ነው። የእኔው ለማገገም ሃያ ቀን ፈጅቶበታል። ከመነሻው መደረግ ያለበት በእበት ብቻ ጀምሮ፣ ነበልባሉ ሰማያዊና የረጋ ከሆነ በኋላ የኩሽናውን ጥራጊ በደቃቁ ከትፎ፣ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ማስለመድ ነው። የጠላ አተላም በዚሁ ልክ፣ በትንሹ ይሆናል።

ፈጽሞ መግባት የሌለባቸውም አሉ። የሳሙናና የበረኪና ውኃ፣ እንዲሁም በቅርቡ መድኃኒት የተወጋ ላም እበት ሕያዋኑን ይፈጃል። የጫት ገረባ፣ እንጨትነት ያለው ቅርንጫፍና ያልተከተፈ ገለባ አይብላሉም፤ ወደ ላይ ተንሳፍፈው እንደ ክዳን ይጋገሩና ጋዙ እንዳይወጣ ያፍናሉ። የዶሮ ኩስ ኃይለኛ ቢሆንም ሲበዛ አሞኒያው ይመርዛል፤ ከእበት ጋር ተደባልቆ በትንሹ ቢሆን ነው የሚጠቅመው። ውኃው ሲያንስ ብጥብጡ አይፈስም፤ ሲበዛም ደረቁ ከታች ይዘቅጣል። ትክክለኛው ውፍረት በእጅ ሲያፍሱት በጣቶች መካከል እንደ ቀጠነ የእንጀራ ሊጥ የሚወርደው ነው።

ብርዱን መርሳት

ሚቴን አምራቾቹ የሚወዱት 35 ዲግሪ አካባቢ ያለውን ሙቀት ነው፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሥራቸው እጅግ ይቀዘቅዛል፣ ከ10 በታች ደግሞ ሊቆም ምንም አይቀረውም። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ሜዳ ላይ የቆመ ሮቶ እስከ ንጋት ድረስ ሙቀቱን ያጣል። የ«ስንዱ» ዓይነቱ ማብላያ ከመሬት በታች መገንባቱ አንዱ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሮቶ ያለው ሰው ቢያንስ ግማሹን ቢቀብረው፣ ዙሪያውን በጭድና በሚሞቅ ፍግ ከቦ በላስቲክ ቢሸፍነው፣ የሚበጠብጥበትንም ውኃ ጠዋት በጥቁር ጄሪካን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ከቀትር በኋላ ቢመግበው ልዩነቱን በሳምንት ውስጥ ያየዋል። በብርዱ ወራት ምግቡንም መቀነስ አለበት፤ የቀዘቀዘ ሆድ አይፈጭም።

ጋዙን በቡታጋዝ ሲሊንደር ማመቅ

ጋዝ ሲተርፍ የሚመጣው ሐሳብ ኮምፕሬሰር ተውሶ ባዶ የቡታጋዝ ሲሊንደር መሙላት ነው። ቡታጋዝ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ስለሚሆን በትንሽ ዕቃ ብዙ ይያዛል፤ ሚቴን ግን በክፍል ሙቀት ምንም ያህል ቢታመቅ ፈሳሽ አይሆንም። ስለዚህ በዚያ ሲሊንደር የሚገባው ጥቂት ነው፤ በአንጻሩ በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሊፈነዳ ይችላል፣ ያልተጣራው ጋዝም ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ባዮጋዝ በቤት የሚቀመጠው ያለ ግፊት፣ በሰፊ ላስቲክ ከረጢት ወይም በመኪና የውስጥ ጎማ፣ አለዚያም በትልቁ ሮቶ ውስጥ ተገልብጦ በሚንሳፈፍ ትንሽ ሮቶ ነው። ቦታ ይፈጃል፤ አማራጭ ግን የለውም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት ደግሞ መተንፈሻ የሌለው፣ ግጥም ብሎ የተዘጋ በርሜል ነው። ግማሽ ሜትር ግልጽ ጎማ እንደ ቅል እጀታ በ«U» ቅርጽ አጥፎ፣ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ ሞልቶ ከጋዙ መስመር ጋር ማያያዝ የሁለት ዕቃ ሥራ ይሠራል። የውኃው ከፍታ ልዩነት ግፊቱን ያሳያል፤ ለምድጃ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ግፊቱ ሲበዛም ውኃውን ተፍቶ ራሱን ያስተነፍሳል። ታዲያ የጎማው ክፍት አፍ ደጅ ላይ መሆን አለበት።

ያልተጣራ ጋዝ ወደ ሞተር መላክ

ባዮጋዝ ሁለት የሞተር ጠላቶች ይዞ ይወጣል፤ አንዱ እርጥበት፣ ሌላው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። እርጥበቱ በቧንቧው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ መንገዱን ይዘጋል፤ ስለዚህ ቧንቧው ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ዝቅ ባለው ጫፍ የውኃ ማስወገጃ ሊኖረው ይገባል። ለሰልፋይዱ ርካሹ ማጣሪያ ከቶርኖ ቤት የሚገኝ የዛገ የብረት ፍቅፋቂ በሰፊ ቱቦ ውስጥ መሙላት ነው፤ የሚይዘው ዝገቱ እንጂ አዲሱ ብረት አይደለም። የጠገበው ፍቅፋቂ ወደ አየር ሲወጣ በራሱ ሊግልና ሊቀጣጠል ስለሚችል በውኃ አርሶ ከቤት ርቆ ማስጣት ያስፈልጋል።

የቤንዚን ጄኔሬተር በባዮጋዝ ሊሠራ ይችላል፤ ይሁንና ለአንድ እጅ ጋዝ ስድስት እጅ ያህል አየር ብቻ ስለሚፈልግ የአየሩን መግቢያ ማጥበብ ግድ ነው፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። በደጋ አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ ሞተሩ በቤንዚንም ቢሆን ሩብ ያህል ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚጀምረው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ካንዴላ ስለሌለው በባዮጋዝ ብቻ አይነሣም፤ ጥቂት ናፍጣ እየረጨ ማቀጣጠል ይኖርበታል።

ፕላስቲክ በበርሜል ቀቅሎ ናፍጣ ማውጣት የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን አይቶ ይህን ሁሉ ልፋት ለመዝለል የሚያስብም አይጠፋም። ከእሳት በላይ በተዘጋ ብረት ውስጥ የሚቀጣጠል ተን ማፍላት ስለሆነ፣ የሚወጣው ፈሳሽም ጥራቱ ስለማይታወቅ፣ በግቢ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

ፍሳሽን በክብሪት መፈለግ፣ ጉድጓድ ውስጥ መግባት

ሚቴን ከአየር ጋር ሲቀላቀል መጠኑ ከመቶ 5 እስከ 15 ከሆነ ይፈነዳል። ስለዚህ መገጣጠሚያ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፤ አረፋው ካበጠ ያፈስሳል። ምድጃው ያለበት ክፍል ከላይም ከታችም አየር ማስገቢያ ይኑረው፤ ከምድጃው በፊትም በቧንቧው ውስጥ ደቃቅ የመዳብ ወንፊት ቢጠቀጠቅ እሳቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዛል። ጄኔሬተሩ ምንም ዝናብ ቢሆን ከቤትም ከበረንዳም ውጭ ይቁም፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ከሁሉ የከፋው ግን ለጥገና ወደ ማብላያ ጉድጓድ ወይም ወደ ሮቶ ውስጥ መግባት ነው። ሃይድሮጂን ሰልፋይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብዱ ከታች ይተኛሉ፤ ሰልፋይዱ ሲበዛ የማሽተት ችሎታን ስለሚያደነዝዝ «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ የገባ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ይወድቃል፤ ሊያወጣው ተከትሎ የገባውም እንዲሁ። ወደ ማብላያው የወደቀ ባልዲም ሆነ የተዘጋ ቱቦ በረጅም እንጨት ከውጭ ይነካካል፤ ካልሆነም ብጥብጡ በሙሉ ተቀድቶ ወደ አትክልቱ ማሳ ይፈስሳል፣ ክዳኑ ለቀናት ተከፍቶ ይተውና ዕቃው ከመሬት ወጥቶ በጎኑ ተጋድሞ ይታጠባል። ሁለት ወር መክሰር ነው፤ ቢሆንም በዚህ መንገድ የጠገንኩት ሮቶ ዛሬም ይሠራል።