የግል አውሮፕላን ወደ አውሮፓ ሲገባ፦ ጉምሩክ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አገር ቤት መኪና አስገብቶ የሚያውቅ ሰው አውሮፕላን ሲባል ገና ቀረጡን አስቦ ይደነግጣል። አውሮፓ ህብረት ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሲቪል አውሮፕላን ቀረጥ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ነው። ሰው የሚከስረው ከቀረጡ ይልቅ የቱ ወረቀት እንደሚቀድም ባለማወቁ ነው። ምሳሌዎቼ የጀርመን ናቸው። የቀረጥ ሕጉ በ27ቱም አባል አገሮች አንድ ነው፤ የሚለያየው ቫቱ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ዜሮ ነው ተብዬ ነበር፤ 7.7 ከመቶ ክፈል አሉኝ»

ኮንቴይነሩ ተከፈተ እንበል። ሁለቱ ክንፎች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ግራና ቀኝ ቆመዋል። አካሉ መሃል ላይ ታስሯል። ጭራው ላይ የነበረው የአሜሪካ የምዝገባ ቁጥር ተልጦ የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቷል። የጉምሩክ ሠራተኛዋ ወረቀቷን ታያለች፣ ጭራውን ታያለች፣ «ቁጥሩ የት አለ?» ትላለች። ገዢው ኮራ ብሎ ከአሜሪካ መዝገብ የተሰረዘበትን ደብዳቤ ያወጣል። ገንዘቡን የበላው ያ ደብዳቤ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ከቀረጥ ነፃ የሚሆነው፣ በዲሴምበር 7 ቀን 1944 በተፈረመው የቺካጎ ስምምነት መሠረት በአንድ አገር መዝገብ ላይ የሰፈረ ሲቪል አውሮፕላን ነው። የየትኛውም አገር መዝገብ ይሁን፣ ችግር የለውም። ከአንዱ መዝገብ ወጥቶ ሌላው ላይ ያልገባ አውሮፕላን ግን በመደበኛው ታሪፍ ይታያል። ባዶ ክብደቱ እስከ 2,000 ኪሎ ከሆነ 7.7 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 2.7 ከመቶ ነው። ሴስና 172 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን የሚያርፈው መጀመሪያው ላይ ነው። ትንሹ ከትልቁ የበለጠ ይቀረጣል ማለት ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እናስላው። አውሮፕላኑ 200,000 ዩሮ፣ እስከ ድንበር የማድረሻው ወጪ 20,000። የተመዘገበ ከሆነ ቀረጡ ዜሮ፣ የጀርመን ቫት 19 ከመቶ ሲታሰብ 41,800 ዩሮ። ካልተመዘገበ ቀረጡ 16,940፤ ቫቱም ቀረጡ ላይ ጭምር ስለሚታሰብ 45,018.60። ድምሩ 61,958.60 ይሆናል። የደብዳቤው ዋጋ ከ20,000 ዩሮ በላይ መሆኑ ነው።

መፍትሄው ውሉ ላይ ነው ያለው። ከአሜሪካ መዝገብ የሚሰረዘው ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የማስገቢያ ሰነድ) ካለፈ በኋላ ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ባለቤትነቱ በተላለፈ ቅጽበት የአሜሪካው ምዝገባ ዋጋ ያጣል፣ ቁጥሩ ባይላጥም። ስለዚህ «ባለቤትነቱ የሚዞረው ጉምሩክ ካለቀ በኋላ ነው» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ሻጩ ካልተስማማ አዲሱን ምዝገባ ቀድማችሁ ጨርሱ። ዕቃው ደርሶ ዲክላራሲዮኑ ገና ካልገባ ደግሞ ትራንዚተሩ ቢያጣድፋችሁም አትቸኩሉ። ዕቃ በጊዜያዊ ማከማቻ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። የማከማቻው ኪራይ ያማል፤ ከ20,000 ግን ያንሳል።

«ቀረጡ ዜሮ ከሆነ ይህ ሁሉ ገንዘብ ምንድን ነው?»

ቫት ነው። ሉክሰምበርግ 17፣ ጀርመን 19፣ ሃንጋሪ 27 ከመቶ። ለራሱ መዝናኛ የሚገዛ ሰው አይመለስለትም፣ አራት ነጥብ። የበረራ ትምህርት ቤት ወይም አውሮፕላኑን በእርግጥ ለሥራ የሚጠቀም፣ ለቫት የተመዘገበ ድርጅት ግን እንደየአገሩ ሕግ ሊያስመልስ ይችላል።

«ኩባንያ ክፈትና ለራስህ አከራየው» የሚላችሁ አማካሪ አይጠፋም። «አይል ኦፍ ማን» በምትባለው፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለች ደሴት ላይ እንዲህ ያለው አሠራር፣ በ2017 የፓራዳይዝ ወረቀቶች የተባሉት ሾልከው የወጡ ሰነዶች ሲታተሙ አደባባይ ወጣ። በኖቬምበር 2018 ደግሞ የአውሮፓ ኮሚሽን እዚያው ደሴት ላይ ለመዝናኛ አውሮፕላኖች የሚደረገውን የቫት አያያዝ በተመለከተ ክስ ሊያስከትል የሚችል ሂደት ጀመረ። አሁን መጀመሪያ የሚጠየቀው የበረራ መዝገቡ ነው፦ ማን በረረ፣ የት ሄደ፣ ማን ከፈለ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚበር «የኪራይ ኩባንያ» ብዙም አይሸሸግም።

«ለጊዜው ነው ያስገባሁት፤ ለምን ሙሉ ቫት ተጠየቅሁ?»

ይሄ እኛን አበሾችን ይነካል። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው በስሙ የተመዘገበውን አውሮፕላን እየነዳ በግሪንላንድና በአይስላንድ አድርጎ ጀርመን ያለውን ዘመዱን ሊጠይቅ ይችላል። ከህብረቱ ውጭ ተመዝግቧል፣ ባለቤቱም አብራሪውም ከውጭ ናቸው። ስለዚህ ለግል ጥቅም እስከ 6 ወር ያለ ቀረጥና ያለ ቫት ይቆያል። እስከዚህ ሰላም ነው።

ከዚያ ባለቤቱ ሥራ ይጠራዋል። አውሮፕላኑን ትቶ በመንገደኛ አውሮፕላን ይመለሳል። «ቁልፉ አንተ ጋ ይሁን፣ እንዳይቆም አልፎ አልፎ አብርረው» ይለዋል የአጎቱን ልጅ። የአጎት ልጅ ፈቃድ አለው፣ የሚኖረው ግን ጀርመን ነው። በመጀመሪያው በረራ ጊዜያዊ መብቱ ይፈርሳል። ሕጉ የህብረቱ ነዋሪ በባለቤቱ ጥያቄ አልፎ አልፎ እንዲጠቀም ይፈቅዳል፤ ግን በዚያ ሰዓት ባለቤቱ ራሱ ህብረቱ ውስጥ መገኘት አለበት። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ባለቤቱ ሲሄድ ቁልፉም አብሮት ይሂድ።

ከዚህ የባሰው ትረስት ነው፤ ማለትም ንብረትን ለሌላ ሰው ጥቅም በአደራ ያዥ ስም ማስመዝገብ። ጀርመን እየኖሩ በአሜሪካ ትረስት ስም አውሮፕላን የያዙ ሰዎች አሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ባለቤት አሜሪካዊ ስለሆነ የዳኑ ይመስላቸዋል። ጉምሩክ ግን የሚጠቀመውንም ያያል። ተጠቃሚው የህብረቱ ነዋሪ ከሆነ በመደበኛው መንገድ አስገብቶ ቫቱን መክፈል ነው።

6 ወሩ ሊሞላ ሲል ወደ ስዊዘርላንድ ወይም ወደ ኖርዌይ መውጣት ይቻላል። የማረፊያና የነዳጅ ደረሰኙን ግን አትጣሉ። «ወጥቼ ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን አያድንም።

«ያረፍኩት ትንሽ የሣር ሜዳ ላይ ነበር»

ከህብረቱ ውጭ ስትመጡ የመጀመሪያው ማረፊያ ጉምሩክ ያለበት ይሁን። አንዳንዱ ጉምሩክ የሚመጣው ቀድሞ ከተነገረው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም አትመው ያዙት። ለጉምሩክ ሳይገለጽ ያለፈ አውሮፕላን ዕዳው ያኔውኑ ይወለዳል፤ ኋላ ይቅርታ ማለት ከባድ ነው።

«ሻጩ ቫት ተከፍሏል ብሎኝ ነበር»

ከእንግሊዝ የሚገዛ አሮጌ አውሮፕላን ላይ ይህ ቃል ብዙ ሰው አስለቅሷል። ሻጩ ላይዋሽ ይችላል፤ በ2015 እንግሊዝ ውስጥ በእርግጥ ከፍሏል። ጥያቄው አውሮፕላኑ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 እኩለ ሌሊት ላይ፣ በብራስልስ ሰዓት፣ የት ነበር የሚለው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቆሞ ከነበረ የህብረቱ ዕቃነቱ በዚያች ሌሊት አበቃ። ዛሬ ሲገባ እንደ ማንኛውም የውጭ ዕቃ ነው። ፈረንሳይ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ መጋዘን) ውስጥ ከነበረ ግን ተረፈ። ከህብረቱ የወጣ ዕቃ ሲመለስ ያለ ቀረጥ የሚገባበት የተመላሽ ዕቃ መብት ነበር፤ 3 ዓመት ነው፣ እሱም አልፏል።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቫት የተከፈለበት ኢንቮይስ ወይም የማስገቢያ ዲክላራሲዮን፣ የዲሴምበር 2020 የበረራ መዝገብ ገጽ፣ የዚያ ወር የሃንጋር ኪራይ ደረሰኝ። «ኋላ እልክልሃለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዋጋው ላይ ቫቱን ደምራችሁ ተደራደሩ።

«መለዋወጫው ላይ ቀረጥ ጫኑብኝ»

መለዋወጫው ለበረራ ብቁ መሆኑን የሚያሳየው የመልቀቂያ የምስክር ወረቀት፣ ማለትም የአውሮፓው ፎርም 1 ወይም የአሜሪካው 8130-3፣ ካለ ቀረጡ ይነሳል። ወረቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ታሽጎ ከመጣ ግን ዲክላራሲዮኑን የሚሞላው ሰው አያየውም። ሻጩ ከመላኩ በፊት ቅጂውን በኢሜይል ያድርስላችሁ።