በቸርችል ጎዳና ላይ መንገደኛን ፎቶ ማንሳት
ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር በሚወርደው ጎዳና ላይ የማያውቁትን ሰው ሳይዘጋጅ ለማንሳት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ይመረጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትወጣ የባርኔጣ ጥላ ፊትን ይሸፍናል። በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል በሆነ) ካሜራ ላይ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥመው፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 8፣ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ አድርገው ፎከሱን 3 ሜትር ላይ ቢቆልፉት፣ ከ2 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ስለሚወጣ ካሜራውን ዓይንዎ ላይ አቆይተው ማስተካከል አያስፈልግዎትም።

ድፍረት የሚገኘው ከመደበቅ ሳይሆን አንድ ቦታ ከመቆየት ነው፤ ካሜራውን በግልጽ አንግቶ ሊስትሮ ዘንድ ጫማውን የሚያስጠርግን ሰው የታክሲ ሰልፈኛውም ረዳቱም ቶሎ ይለምዱታል። በረጅም ሌንስ ከሩቅ ማንሳት ግን ለእኔ ስርቆት ይመስለኛል። የተነሳው ሰው ካየዎት ሰላምታ ሰጥተው ፎቶውን ያሳዩት፤ አጥፋልኝ ካለ ያለ ክርክር ያጥፉለት። ወደ ወታደር፣ ወደ ፖሊስና ወደ መንግሥት ተቋማት በር ካሜራ አያዙሩ።