ፊሎደስ በሚባለው የጡት ዕጢ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ፊሎደስ ከጡት ዕጢዎች ሁሉ ከመቶ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ ሦስት ደረጃ አለው፦ ካንሰር ያልሆነ፣ መካከለኛና ካንሰር የሆነ። ስለዚህ ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ከሚሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ መጀመሪያ የሚሰጠው ስም የሌላ በሽታ ነው፤ ወይ «ፋይብሮአዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ የተለመደ የጡት እብጠት) ነው፣ አያሳስብም» ይባላል፣ ወይ «የጡት ካንሰር ነው»። ስህተቱ የሚበዛው ከእነዚህ ሁለት ስሞች ነው።

«አያመኝም፣ ይቆይ» ማለት። ፊሎደስ ብዙ ጊዜ አያምም። ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ሲነኩት ይንሸራተታል። ፋይብሮአዴኖማም እንደዚያው ነው። ግን ፋይብሮአዴኖማ በ20ዎቹ ዕድሜ ይበዛል፣ ፊሎደስ በ40ዎቹ፤ ፊሎደስ በጥቂት ወራት ውስጥም በግልጽ ሊያድግ ይችላል። የአልትራሳውንድ ወረቀትዎን አይጣሉ። ያኔ 2 ሴንቲ ሜትር የነበረው ዛሬ 4 ከሆነ የሐኪሙ ሐሳብ ይለወጣል። ጸበሉንም ወዳጃውንም (የዱዓ ሥርዓቱን) ማንም አይከለክልም፤ ቀጠሮው ግን በእነሱ አይተካ። እብጠቱን በጋለ ብረት ማስተኮስና ቅጠል መለጠፍ ደግሞ ጉዳት ብቻ ነው፤ ዕጢው ወጥሮ ያሳሳው ቆዳ በቀላሉ ይቆስላል፣ ያመረቅዛል።

በኤፍ ኤን ኤ (በቀጭን መርፌ በሚወሰድ ናሙና) ውጤት ብቻ መተማመን። ቀጭኗ መርፌ የምትስበው የተበታተኑ ሴሎችን ነው። ፊሎደስ የሚለየው ግን በደጋፊው ሕብረ ሕዋስ ብዛትና አደራደር ነው፤ ለዚህ ወፍራሙ የባዮፕሲ መርፌ ይሻላል። እሱም ቢሆን ሊሳሳት ይችላል፣ ዕጢው በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለምና። ውጤቱ «ፋይብሮአዴኖማ» ቢልም እብጠቱ እያደገ ከሆነ ወጥቶ በሙሉ ይመርመር።

እንደ ፍሬ ፈልቅቆ ማውጣት። ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። ፋይብሮአዴኖማ ተፈልቅቆ ቢወጣ ችግር የለውም። ፊሎደስ ግን በዙሪያው ወዳለው ጤነኛ ሥጋ ጣት መሳይ ቅጥያዎችን ይሰዳል፤ የቀረው ቅጥያ መልሶ ያድጋል። መካከለኛና ካንሰር የሆነው ዓይነት ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ከሚያህል ጤነኛ ሥጋ ጋር እንዲወጣ ይመከራል። ካንሰር ላልሆነው ጠበብ ያለ ንጹህ ጠርዝም ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጠርዙ ጠበበ ተብሎ ብቻ ወደ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና መሮጥ አያስፈልግም። ጡቱ በሙሉ ይውጣ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ከጡቱ አንጻር በጣም ትልቅ ሲሆን ነው።

ናሙናውን በዘፈቀደ ማስቀመጥ። ዕጢው ሳይቆራረጥ፣ አቅጣጫው በክር ተለይቶ፣ ቢያንስ 10 እጥፍ መጠን ባለው 10 ፐርሰንት ፎርማሊን ይቀመጣል። አፈ ጠባብ ጠርሙስ አይሆንም፤ ሥጋው ከደረቀ በኋላ አይወጣም። ወደ ላቦራቶሪ የሚወስደው ቤተሰብ ከሆነ ስም፣ የቀኝ ወይም የግራ ጡት መሆኑና ቀኑ ዕቃው ላይ መጻፉን ያረጋግጥ። ውጤቱ ሲመጣ ደረጃውና የጠርዙ ርቀት መጻፋቸውን ይዩ። በ10 የማይክሮስኮፕ እይታዎች የሚቆጠሩት እየተከፈሉ ያሉ ሴሎች ከ5 በታች ከሆኑ ካንሰር ወዳልሆነው፣ 10ና ከዚያ በላይ ከሆኑ ካንሰር ወደሆነው ያመለክታሉ፤ በመካከል ያለው መካከለኛ ይባላል። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይወስንም፤ ሌሎች መለኪያዎችም ይታያሉ።

እንደ ተለመደው የጡት ካንሰር ማከም። ፊሎደስ ሲዛመት በደም ነው፣ በብዛት ወደ ሳንባ፤ ወደ ብብት ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) መሄዱ እጅግ ጥቂት ነው። ያለ ማስረጃ የብብትን ንፍፊቶች በቀዶ ጥገና ማውጣት ለዕድሜ ልክ የክንድ እብጠት ሊዳርግ ይችላል። ለተለመደው የጡት ካንሰር የሚሰጠው የሆርሞን መድኃኒት ታሞክሲፈን አይሠራበትም። ኬሞቴራፒም ካንሰር ላልሆነው አያስፈልግም። ጨረር የሚታሰበው በተለይ ካንሰር ለሆነው፣ አንዳንዴም ለመካከለኛው ነው። አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተላኩ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጨረር ሕክምናው ለሳምንታት በየሥራ ቀኑ ስለሚሰጥ ማደሪያውን አስቀድመው ያስቡ።

«ወጥቷል፣ አበቃ» ማለት። ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ነው፤ በዚያ ጊዜ በየ6 ወሩ መታየት ተገቢ ነው። ካንሰር ለሆነው ዓይነት ደረትም በሲቲ ስካን ወይም በራጅ ይታያል፤ የማይለቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ቀጠሮ አይጠብቅም። ተመልሶ የመጣ ዕጢ ከቀድሞው የከፋ ደረጃ ሊኖረው ስለሚችል የድሮው ወረቀት አይበቃም፤ አዲስ ናሙና ይወሰድ።