«ሙከራ ነው» እያልን የምናበላሻቸው አልበሞች

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ አስራ አንድ ትራክ በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ «ብሮ፣ ኤክስፔሪሜንታል ሂፕሆፕ ነው፣ በኢርፎን ስማው» ይላል። ሰማሁት። ሦስተኛው ትራክ ላይ ድምፁ እንደ ድሮ ሬዲዮ እየተንኮሻኮሸ ይሰነጠቃል። ፀጉሬ ቆመ። ደውዬ እንዴት እንዳደረገው ጠየቅኩት። «ኧረ ማይኩ ተበላሽቶብኝ ነው፤ እሱን ትራክ ልቆርጠው ነው» አለኝ። የሚኮራበት ሰባተኛው ነበር። ሰባተኛው ደግሞ አላለቀም።

በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ሥራ ሚክስ ሳደርግ ዓመታት አልፈዋል። የሚመጡት ስህተቶች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። ግማሾቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ያላለቀን ሥራ «ሙከራ» ብሎ መጥራት

ይሄ የስህተቶቹ ሁሉ አባት ነው። ኮረስ ካልመጣ «ኮረስ አያስፈልገውም»። ድራሙ ከሳተ «ሆን ብዬ ነው»። ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር ግን ያስታውቃል። መለያው ቀላል ነው፦ ያችን ቦታ ድገማት ሲባል መድገም ይችላል ወይ?

ማድቪላኒ የሚባለውን አልበም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፕሮዲዩሰሩ ማድሊብ፣ ራፐሩ ኤምኤፍ ዱም ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣ። 22 ትራክ በ46 ደቂቃ ገደማ፤ ኮረስ የሚባል ነገር እምብዛም የለውም። ላይ ላዩን ለሰማው በአንድ ቅዳሜ የተሠራ ይመስላል። ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ግን ዴሞው (ረቂቅ ቅጂው) ኢንተርኔት ላይ ሾልኮ ነበር። ሰዉም ወደደው። ሌላ ሰው ቢሆን ያንኑ አጣጥቦ ያወጣው ነበር። ዱም ድምፁን እንደገና ቀዳ። ዴሞው ላይ ሞቅ ያለ ነበር፤ አልበሙ ላይ ዝቅ፣ ቀዝቀዝ፣ እንቅልፍ እንደተጫነው ሰው አደረገው። ያ ሁላችንም የምንወደው ስንፍና የሚመስል አነጋገር ሁለቴ ተለፍቶበት የመጣ ነው።

ሁሉንም በአንዴ ማፍረስ

ድራሙ የተሰባበረ፣ ቤዙ የተቃጠለ፣ ድምፁ በሦስት ኢፌክት የታፈነ፣ ግጥሙም እንቆቅልሽ። አድማጭ የሚይዘው ያጣል። ቢያንስ አንዷን ነገር አትንኳት።

ክሊፒንግ የሚባሉትን የሎስ አንጀለስ ልጆች ስሙ። ከሥር ያለው የፋብሪካ ጩኸት ነው። ከላይ የዳቪድ ዲግስ ድምፅ ግን እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ያለ ነው፤ አንድ ቃል አያመልጣችሁም። ሌላም ሕግ አላቸው። ግጥማቸው ውስጥ «እኔ» አይሉም። ራፕ ያለ «እኔ»! በአማርኛ ደግሞ «እኔ» ግሱ ጭራ ላይም ተደብቆ ቁጭ ብሏል። እስቲ ሞክሩት። እስከ ማታ አራት ስንኝ ከወጣላችሁ ጎበዝ ናችሁ።

አማርኛውን ቢቱ ሥር መጨፍለቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

«ገና መጣ» በሉ። «ና»ን አላልታችሁ ስትሉት አንድ ሰው አሁን ደረሰ ማለት ነው። አጥብቃችሁ ስትሉት ታኅሣሥ 29 ደረሰ፤ ዶሮ ይታረዳል። ፊደሉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ያለው አፍ ውስጥ ነው። የሚጠብቅ ፊደል ጊዜ ይፈልጋል፣ ቢቱ ላይ ቦታ ይይዛል። ከአሜሪካ፣ ከአትላንታ ራፐሮች የወሰድነው ፈጣኑ ትሪፕሌት (በአንድ ምት ሦስት ሦስት ቀለም መጠቅጠቅ) ደግሞ ያንን ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይላላል።

አንዴ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «እግዜር አለ» ብሎ ባሩን (ስንኙን) ዘጋ። መኖሩን ሊናገር ነው። ፍሎው ስለፈጠነ «ለ» ላላችና «እግዜር ተናገረ» ሆነች። ስቱዲዮ ውስጥ የነበርነው ሁሉ «እሺ፣ ምን አለ?» ብለን ቀጣዩን ባር ጠበቅን። ቀጣዩ ባር ስለ ጫማው ነበር።

መፍትሔው ግጥሙን ያለ ቢት ማንበብ ነው። የሚጠብቁትን ፊደላት በእስክሪብቶ አስምሩባቸው። እነሱ ስኔሩ (ጠንከር ብሎ የሚመታው ድራም) ላይ ወይም ትንሽ ክፍተት ያለበት ቦታ ላይ እንዲያርፉ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ነው መጫወት የሚቻለው። «ገና መጣ»ን አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ፣ በተሰበረ ድራም ላይ ብትሉትስ? ሰምና ወርቅ ማለት እኮ ይሄው ነው።

የቤት አመታቱም ነገር አለ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ስንኞች በራሳቸው ጊዜ ቤት ይመታሉ። «መጣሁ»፣ «ወጣሁ»፣ «አመጣሁ»። በነፃ የመጣ ነገር ነው፣ በነፃነቱም ያስታውቃል። አንድ ሙሉ ቨርስ «ነው» በ«ነው» ሲመታ ሰምቻለሁ። ቤቱን ስንኙ መሐል ክተቱት፣ መጨረሻውን ክፍት ተዉት። ጆሮ እዚያ አይጠብቀውም።

ቅኝቱን ለኮምፒውተር አሳልፎ መስጠት

የማሲንቆ ሳምፕል (ከሌላ ቀረጻ የተቆረጠ ድምፅ) ወስዶ ላዩ ላይ በኦቶቱን፣ ማለትም ድምፅን ወደ ኖታ በሚያስተካክል ፕሮግራም፣ መዝፈን አሁን ፋሽን ነው። ደስ ይላል። ግን ኦቶቱኑ ሜጀር ስኬል ላይ ከተተወ አንቺሆዬን ይገድለዋል። ማሲንቆ እንደ ጊታር ኖታውን የሚከፍል ፍሬት የለውም፤ የመቺው ጣት ከፒያኖ ቁልፎች መሐል ነው የሚያርፈው። ፕሮግራሙ ያንን ስህተት ነው ብሎ ወደ ቅርቡ ኖታ ይጎትተዋል። ወይ ስኬሉን በእጃችሁ አስገቡ፣ ወይ አጥፉት።

ምቱም እንደዚያው ነው። ችክችካን አራት በአራት ግሪድ ላይ ኳንታይዝ አድርጌ (ምቱን ሁሉ በኮምፒውተር እኩል አሰልፌ) አውቃለሁ። ከበሮውን የመቱልኝ አባት መጥተው ሰሙት። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እጄን ማን ሰበረው?» አሉኝ። የዚያኑ ቀን መለስኩት።

«ሁለት ሰከንድ ናት፣ ማን ያውቃል?»

ሳምፕል አጭር ከሆነ ነፃ ነው የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም። በ1991 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ዳኛ ያለ ፈቃድ ሳምፕል በተጠቀመው ራፐር በቢዝ ማርኪ ጉዳይ ላይ ውሳኔያቸውን የጀመሩት «አትስረቅ» በሚለው ትእዛዝ ነው። አልበሙ እንዳይሸጥ ታገደ። ከዚያ ወዲህ ሂፕሆፕ ሳምፕል የሚያደርግበት መንገድ ተለወጠ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የሦስቱ ራፐሮች ቡድን የዴ ላ ሶል ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው በደርዘን በሚቆጠሩ ሳምፕሎች የተሰፋ ነው። በጊዜው የተፈረሙት ውሎች ግን ስለ ሸክላና ካሴት እንጂ ስለ ኢንተርኔት አልተጻፉም። በዚህና በሌላ ጣጣ ምክንያት አልበሙ ስትሪሚንግ ላይ የገባው መጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ከሦስቱ አንዱ፣ ትሩጎይ፣ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው በየካቲት አረፈ። ቀኑን አላየም።

የእኛ ሙዚቃ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የማድሊብ ወንድም ኦ ኖ በ2009 እ.ኤ.አ. ከድሮ የኢትዮጵያ ቀረጻዎች አንድ ሙሉ አልበም ሠርቷል። ናስና ዴሚያን ማርሊም የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» በ2010 እ.ኤ.አ. ተጠቅመውበታል። አገር ቤትም ቢሆን ሕግ አለ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በ60ዎቹ የተቀዳ ዘፈን «አሮጌ ነው» ተብሎ አይወሰድም።

ሁለት ሰው እንደምትጠይቁም አትርሱ። ዜማና ግጥሙ የአንዱ፣ ቀረጻው የሌላ ሊሆን ይችላል። ዘፋኙ «ውሰደው የኔ ልጅ» ስላሉ ብቻ የቀረጻው ባለቤት ፈቀደ ማለት አይደለም። ውሉ ላይ «በማንኛውም አሁን ባለና ወደፊት በሚመጣ መንገድ» የምትል ሐረግ አስገቡ። የት ትራክ፣ ስንተኛ ደቂቃ፣ ከየት ተወሰደ የሚል ደብተርም ያዙ። ከዓመት በኋላ ማን ያስታውሰዋል?

ማስጮህ

አጭር ነው። ስፖቲፋይ አድማጩ ካልቀየረው በቀር ጮክ ያለውን ሥራ ወደ ኔጋቲቭ 14 ላፍስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ገደማ ያወርደዋል። ጨፍልቃችሁ ያስጮሃችሁት ትራክ ከሌላው ጋር እኩል ይወርድና ጭፍልቁ ብቻ ይቀራል። ጩኸት የሚያስፈራው ከፀጥታ በኋላ ሲመጣ ነው። ሚክሱን ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ስሙት፤ ጋቢና ተቀምጣችሁ፣ ረዳቱ እየተጣራ። ቃሉ እዚያ ከተሰማ የትም ይሰማል።

አወጣጡን ለመጨረሻዋ ሌሊት መተው

ሐሙስ ማታ ጭኖ ዓርብ ጠዋት መጠበቅ አይሆንም። ስፖቲፋይ ላይ አዲስ ሥራ ለፕሌይሊስት አዘጋጆች የሚቀርበው ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ለተከታዮቻችሁ ሪሊዝ ራዳር (ስፖቲፋይ አዳዲስ ሥራ የሚያሰማበት ፕሌይሊስት) ላይ እንዲገባ ቢያንስ 7 ቀን ይቅደም። እኔ አንድ ወር እላለሁ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ የከቨሩ ልጅም ይጠፋል።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። አንዱ ሥራ ላይ በፊደል፣ ሌላው ላይ በላቲን፣ ሦስተኛው ላይ በሌላ ላቲን። አንዱ አርቲስት ሦስት ፕሮፋይል ይሆናል። አንድ አጻጻፍ ምረጡና ሙጭጭ በሉበት። ገንዘቡም እንዲሁ ይበተናል። ከ2024 ወዲህ ስፖቲፋይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ትራክ ላይ የቀረጻ ክፍያ አይከፍልም። 40 ሴኮንድ የሚሆኑ አስራ ሁለት ኢንተርሉዶችን (በዘፈኖች መሐል የሚገቡ አጫጭር ቁርጥራጮችን) ለየብቻ የምትጭኑ ይህን አስቡበት። ለስሜት ከሆነ እሺ፤ ለሳንቲም ከሆነ ግን አይሆንም። ቢቱ የማን፣ ግጥሙ የማን፣ ስንት ፐርሰንት የሚለውም ሳይወጣ በፊት ወረቀት ላይ ይስፈር። «ወንድማማች ነን» የሚባለው ገንዘብ እስኪመጣ ነው።

ዴዝ ግሪፕስ የሚባለውን የአሜሪካ ቡድን ተንኮል መቅዳት የሚፈልጉም አሉ። በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. አልበማቸውን ከኩባንያቸው ከኤፒክ ሪከርድስ ፈቃድ ውጪ ራሳቸው በነፃ ለቀቁት። ዓለም አወራ። ኤፒክም ብዙ ሳይቆይ አሰናበታቸው። እነሱ ግን ያኔ ቀድሞ ያበደላቸው አድማጭ ነበራቸው፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሌላ አልበም አውጥተዋል። ሦስት መቶ ተከታይ ይዞ አልበም «ሾለከ» ማለት ሰው አልሰማውም ማለት ነው።

ያ ልጅ ትናንት ደወለ። ሦስተኛውን ትራክ በአዲስ ማይክ እንደገና ቀድቶታል። ላከልኝ፣ ሰማሁት። ንጹሕ ነው፣ ምንም የለውም። የድሮው ማይክ የት አለ ስለው ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶታል። ታናሹ ደግሞ ፈታቶታል። አሁን ሁለታችንም የሚበየድበት ቦታ እያፈላለግን ነው፤ እንዳይሠራ ሳይሆን፣ እንደነበረው እንዲበላሽ።