የመኪና ማቆሚያ ዕጣ አወጣጥ፦ ከስም ዝርዝሩ እስከ ቃለ ጉባኤው

ልደታ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ግቢ 46 ባለመኪና ለ30 ማቆሚያ ይሻማል እንበል። በዕጣ ይለይ ከተባለ ሁሉም ዓይኑን የሚተክለው ወረቀት በሚያወጣው እጅ ላይ ነው። ዕጣ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ስም ሲመዘገብ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ 25,791 የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች ዕጣ በቀናት ውስጥ የተሰረዘው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ዝርዝር የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከላከው የብቁ ቆጣቢዎች ዝርዝር ጋር ስላልገጠመ ነበር። እንደገና የወጣው ኅዳር 2015 ነው።

ስለዚህ ከዝርዝሩ ጀምሩ። በስም ሳይሆን በብሎክና በቤት ቁጥር መዝግቡ፤ እስከ አባት ስም የሚመሳሰሉ ጎረቤቶች አይጠፉም፣ በስም ከሆነ ባልና ሚስትም ለአንድ ቤት ሁለቴ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ተከራይ ይግባ አይግባ፣ ሁለት መኪና ያለው ስንት ዕጣ ይኑረው የሚለውን የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ አስቀድሞ ይወስን። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ነዋሪ ካለ ለመግቢያው የቀረበውን ቦታ ከዕጣ ውጭ ስጡት። ከዚያ ዝርዝሩን ኮሚቴው ፈርሞበት በየብሎኩ መግቢያ 5 ቀን ይለጠፍ። ቅሬታ ያለው በእነዚህ ቀናት ያቅርብ። ዕጣው በሚወጣበት ጠዋት «እገሌ ተረስቶ ነው» ቢባል ስም አይጨመርም፤ ማንም ይሁን ማን።

ወረቀቱ ቀላል ይመስላል፣ ግን እዚህ ላይ ብዙ ይጠፋል። ተራ የኤ4 ወረቀት በወርዱ 4፣ በቁመቱ 8 ቦታ ብትከፍሉት 32 እኩል ቁራጭ ይወጣዋል፤ ለ46 ሰው ሁለት ሉህ ይበቃል። ሁሉም ከአንድ እሽግ ይሁን፣ የብሎክና የቤት ቁጥሩ በአንድ እስክሪብቶ ይጻፍ፣ ሁለት ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይታጠፍ። አንዱ ጠንከር ካለ ወይም ጫፉ ከተቆለመመ የሚያወጣው ሰው ሳያይ በጣቱ ይለየዋል። ፌስታል አትጠቀሙ፣ ጥጉ ወረቀት ይይዛል። ሰፊ ባልዲ ይሻላል፣ ከሲሶው በላይ እንዳይሞላ።

ወረቀቶቹን ሰው ፊት አንድ በአንድ እየቆጠራችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ እስከ ታች እየገለበጣችሁ አማስሉ። በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለቬትናም ጦርነት የሚመለመሉ ወጣቶችን በልደት ቀን ዕጣ ስትለይ፣ አንድ አንድ የልደት ቀን የያዙት 366ቱ ቢልቃጦች በየወሩ ተራ ገብተው በደንብ ስላልተደባለቁ መጨረሻ የገቡት የታኅሣሥና የኅዳር ልደቶች ቀድመው ወደ መውጣቱ አዘነበሉ። እንግዲህ ወረቀቶቹን በብሎክ ተራ ባልዲው ውስጥ ጨምራችሁ ሳታማስሉ ከተዋችሁ መጨረሻው ብሎክ ከላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

የሚያወጣው እጅጌውን የሰበሰበ ልጅ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ባልዲው ከዓይኑ በላይ ይያዝለት። የማቆሚያ ቁጥሮች ከ1 እስከ 30 በተራ ይጠራሉ፤ የወጣው ወረቀት ለሁለት ታዛቢዎች ይታያል፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ይጻፋል። 30ው ሲሞላ አታቁሙ። የቀሩት 16ቱም ይውጡና የተጠባባቂ ተራ ይሁኑ። ባልዲው እስከ መጨረሻው ሲራገፍ የሁሉም ወረቀት ገብቶ እንደነበር ማንም ያያል። ለእኛ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

«እያንዳንዱ የራሱን ያውጣ» ከተባለ 30 ቁጥር የተጻፈባቸውና 16 ባዶ ወረቀቶች ያስፈልጋሉ። ያኔ ለቀዳሚነት መጋፋት ዋጋ የለውም። ሦስት ወረቀት ሆኖ አንዱ ብቻ የሚያስገኝ ቢሆን፣ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው የመሳቱን ሁለት ሦስተኛ በራሱ ግማሽ ዕድል ሲያባዛ ያው አንድ ሦስተኛ ያገኛል። በስልክ አፕ ይውጣ የሚሉም አሉ፤ ችግሩ ሰብሳቢው ቤቱ ስንት ጊዜ ሞክሮ እንደመጣ አለመታወቁ ነው።

ቃለ ጉባኤው ላይ የገባው ወረቀት ብዛት፣ የወጣው ተራ፣ የታዛቢዎች ፊርማ ይስፈር። ወረቀቶቹ በፖስታ ታሽገው ቢያንስ በዕጣው ውጤት ላይ ቅሬታ የሚቀርብበት ቀን እስኪያልፍ ይቀመጡ። ቦታ መለዋወጥ ይቻላል፣ ነገር ግን ሁለቱም ጸሐፊው ፊት ፈርመው ይሁን። ለግቢው ወጪ ትኬት ሸጣችሁ ቶምቦላ ማውጣት ካሰባችሁ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያ ብሔራዊ ሎተሪ ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ።