ከዋናው ፖስታ ቤት ደብዳቤ ለመላክ ያሰባችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ስትይዙ «ፖስታ ቤት» በሉ፣ ይበቃል። ቸርችል ጎዳና ላይ ነው፤ ሰፈሩ ራሱ የሚጠራው በሕንፃው ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን አድራሻችሁን አስተካክሉ። አገር ውስጥ የምትልኩ ከሆነ የሰፈርና የቤት ቁጥር ብቻ ጽፋችሁ አትመኑ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ደብዳቤ ከድሮም ጀምሮ በአብዛኛው የሚገባው ሳጥን ውስጥ እንጂ ሰው በር ላይ አይደለም። ስም፣ ፖ.ሣ.ቁ.፣ ከተማ። የራሱ ሳጥን የሌለው ሰው የመሥሪያ ቤቱን ወይም የትምህርት ቤቱን ይጠቀማል፤ ያኔ ከስሙ ሥር «በእገሌ በኩል» ብላችሁ ጨምሩበት።

መስኮቱ ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ይመዘን፣ ቴምብሩ የሚለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ሥዕል ያለበት ቴምብር ካለ ጠይቁ፣ በጣም ቆንጆ ቆንጆ አሉ። ሰነድ ከሆነ ደግሞ በአደራ ላኩት፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ደረሰኝ ትይዛላችሁ። ደረሰኙን እንዳትጥሉት፣ ደብዳቤው ቢጠፋ የምትከራከሩት በእሱ ነው።

ከጨረሳችሁ ቶሎ አትውጡ። ሕንፃውን የነደፉት ኢቫን ሽትራውስና ዝድራቭኮ ኮቫቼቪች የሚባሉ ዩጎዝላቮች ናቸው፣ በጃንሆይ ጊዜ። በየቀኑ እያለፍንበት ቀና ብለን የማናየው ነገር ነው! የቴምብር ሙዚየሙም እዚያው ነው፣ እኔን ብትጠይቁኝ ዋናው ነገር እሱ ነው።

እዚያ መጀመሪያ የምኒልክን ቴምብሮች ፈልጉ። ምኒልክ ፖስታ እንዲቋቋም ያዘዙት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን ቴምብሮቹን ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ቀረጻቸው፣ ፓሪስ ታተሙ፤ ሰባት ናቸው፣ ከሩብ እስከ 2 ግርሽ (የዚያ ዘመን ገንዘብ ነው) ያሉት የንጉሡ ምስል አለባቸው፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሾቹ ላይ አንበሳ ነው ያለው። ከዚያ በፊትማ መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ ይዞ ይሄድ ነበር፣ ዘንጉን ያየ ሁሉ የሰው አደራ መሆኑን አውቆ ያሳልፈዋል።

በዚያ ዘመን ወደ ውጭ የተላከ ፖስታ ካጋጠማችሁ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከኢትዮጵያው ቴምብር ጎን የጅቡቲ ቴምብር ሊኖርበት ይችላል፤ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ስለሆነ እስከዚያ ድረስ የእኛ ቴምብር ብቻውን ባሕር አያሻግርም ነበር።

እና ቤታችሁ ውስጥ፣ የአያት ሣጥን ውስጥም ይሁን የትም፣ አሮጌ ፖስታ ካለ እባካችሁ ቴምብሩን አትላጡት። ሰብሳቢ የሚፈልገው ማኅተሙ፣ ቀኑና አድራሻው ያለበትን ሙሉውን ፖስታ ነው። በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላችሁ እርጥበት የሌለበት ቦታ አስቀምጡት።