ውሻ የሚቆረጥመው ነገር ሲጎዳው፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በጎጃም ብዙ ቤት የውሻ ጉርሻና መቆርጠሚያ ከሱቅ አይገዛም። ከማዕድ ይተርፋል፣ ከሥጋ ቤት ይመጣል ወይም ውሻው ራሱ ከማሳና ከጓሮ ይለቅመዋል። አብዛኛው ጥሩ ምግብ ነው። ጉዳት የሚመጣው ነገሩ ከመጠን በላይ ሲጠጥር፣ ሳይታኘክ ሲዋጥ ወይም ለሰው የተቀመመ ሲሆን ነው።

አፉን በመዳፉ ይፈትጋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል

የተለመደው መንስኤ ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶች መሃል በትናጋው ላይ አግድም የተሰነቀረ ስብርባሪ ነው። ብዙ ጊዜ የጎድን አጥንት ቁራጭ ወይም እንጨት ይሆናል። በአዊ ደጋ የቀርቀሃ አጥር ባለበት ግቢ ደግሞ ስንጥሩን የሚያኝኩ ቡችሎች በዚህ ይጎዳሉ።

እጅዎን ወደ አፉ ከመስደድዎ በፊት ግን ይቁሙ። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻም መንጋጋው ይሽመደመዳል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ አፉ ተከፍቶ ለሃጩ ይፈሳል። ሲያዩት አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል፤ አዝነው «ላውጣለት» ያሉ ሰዎች ለበሽታው የሚጋለጡት እንዲህ ነው። ውሻው ካልተከተበ፣ ጠባዩ ወይም ድምፁ ከተለወጠ፣ ሰሞኑን ባልታወቀ ውሻ ከተነከሰ አይንኩት፤ ዘግተውበት የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ለሃጩ ቁስል፣ ዓይን ወይም አፍ ከነካ ወይም ከነከሰዎት ቦታውን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ይጠቡ፤ ቁስሉን በሳሙና ጭምር። ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የተከተበ፣ ጠባዩ ያልተለወጠና ሲቆረጥም የታየ ከሆነ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይያዝ፣ ሌላው በብርሃን ይመልከት። በጥርስ መሃል የተሰነቀረውን በማንኪያ እጀታ ወደ ፊትና ወደ ታች ፈንቅለው ያላቁት። ወደ ጉሮሮ አይግፉ። ጉሮሮ ውስጥ የገባ ከሆነ ወይም ደም ካለ ለሐኪም ይተዉት።

ደጋግሞ ያስመልሰዋል፣ አይጸዳዳም፣ ሆዱ ሲነካ ያቃስታል

እነዚህ የተዘጋ አንጀት ምልክቶች ናቸው። የበቆሎ እሸት በሚበላበት ወቅት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆረቆንዳው ነው። ፍሬው ተበልቶ የተጣለውን ቆረቆንዳ ውሻ በሁለት በሦስት ንክሻ ይውጠዋል፤ አይፈጭም፣ አንጀት ላይ ሲደርስ እንደ ውታፍ ይዘጋል። ጨጓራ ውስጥ ቀናት ቆይቶ ሊወርድ ስለሚችል «የበላው ባለፈው ሳምንት ነው» ብለው አይተዉት። የማንጎ የውስጥ ጠንካራ ፍሬም እንዲሁ ያደርጋል። ከሞፈርና ቀንበር ላይ የተሰረቀ ምራን፣ ረጅም ገመድ ወይም ክር ይብሳል፦ አንዱ ጫፍ ተይዞ ሌላው ሲጎተት አንጀቱን ሰብስቦ ይቆርጠዋል።

ይህ በቤት የሚታከም አይደለም። ዘይት አያጠጡ፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል። ክር በፊንጢጣው ቢታይ አይጎትቱ። ምን እንደዋጠ ለሐኪሙ በትክክል ይንገሩ፤ ቆረቆንዳ በራጅ ላይ አጥንት የሚታየውን ያህል ጎልቶ አይታይም።

ዓይነ ምድሩ ነጭ፣ ደረቅ፣ የሚፈረፈር ነው

አጥንት በዝቶበታል፤ ከፋሲካና ከገና ማግስት የሚያጋጥም ነው። አጥንቱን ያቁሙ፣ ውሃ ያቅርቡ፣ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ከምግቡ ጋር ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቀቀለና ያልተቀመመ ዱባ ይቀላቅሉ። በሁለት ቀን ካልተሻለው ወይም ካስመለሰው ወደ ሐኪም። የዶሮ ወጥ አጥንት ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም፤ የበሰለ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል።

በአንድ ጎን ብቻ ያኝካል፣ ጥርሱ ተሰንጥቋል

ቅልጥም፣ ቀንድ፣ ሰኮና ወይም ድንጋይ ቆርጥሟል። በብዛት የሚሰነጠቀው በላይኛው መንጋጋ ያለው ትልቁ መቁረጫ ጥርስ ነው። የተሰበረ ጥርስ ለስላሳው ውስጡ ከተገለጠ ያመረቅዛል፣ ከዓይን ሥር እብጠት ያወጣል፤ መነቀል ወይም መታከም አለበት።

መቆርጠሚያ ሲመርጡ በአውራ ጣትዎ ጥፍር ይጫኑት። ጥፍርዎ ምልክት ካልተወበት ለጥርሱ ይጠጥራል። ይህ ፈተና ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ድዱ ነጥቷል፣ ሽንቱ እንደ ጠላ ጠቁሯል

ሽንኩርት ነው። በወጣችን ቁሌት ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ይጎዳዋል፤ ማለትም 10 ኪሎ ለሆነ ውሻ 150 ግራም ይበቃል። በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ሲበላም ይጠራቀማል። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ሰው ከወጡ ጋር አያያይዘውም። ፍትፍት የሚሰጡ ከሆነ እንጀራውን በንጹሕ የሥጋ መረቅ ያርሱለት።

የሚንገዳገድ ከሆነ አተላ ወይም የዳቦ ሊጥ ይጠርጥሩ። በአተላ አልኮል አለ። ሊጥ ደግሞ በጨጓራው ሙቀት ኩፍ ይላል፣ አልኮልም ያወጣል፤ ሆዱ ከተነፋ ደቂቃ አይጠብቁ።

ምንም ምልክት የለም

ከሁሉ የሚያሳስበን ይህ ነው። በግ በቤት ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይወረወራል። በዚያ ቋት ውስጥ ያለው ኮሶ መሰል ትል በውሻው አንጀት በሰባት ሳምንት ገደማ ያድጋል፤ ውሻው አይታመምም። እንቁላሉ ግን በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት እያበጠ ይኖራል።

ጉበትና ሳንባ ቆራርጠው እየፈላ 30 ደቂቃ ካልቀቀሉት አይስጡ። ቋት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ግን ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ። ውሻውን በሐኪም ምክር ፕራዚኳንተል ያስውጡት፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል የተከታዮቹን ሦስት ቀናት ዓይነ ምድር በጓንት ወይም በአካፋ አንስተው ይቅበሩ።

ጫማና ገመድ ያኝካል፣ ሲቀርቡት ያጉረመርማል

ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ቡችላ መንስኤው ጥርስ ነው፤ 28ቱ የወተት ጥርሶች ወልቀው 42 ይተካሉ። ውሃ የተነከረና በደንብ የተጠመዘዘ ወፍራም ጨርቅ ወይም ጥሬ ካሮት ይስጡት፣ ጨርቁ መተርተር ሲጀምር ይውሰዱበት። ጎልማሳ ውሻ ሲያኝክ ግን ቀኑን ሙሉ ታስሮ ሰልችቶታል። ከሃይላንድ ላይ ክዳኑንና ቀለበቱን አውልቀው ደረቅ እንጀራ ፍርፋሪ ይጨምሩበትና እያንከባለለ ያውጣ፤ እያዩት ብቻ፣ ፕላስቲኩ ሲቀደድ ይጣል። ኳስ ከክራንቻው ጀርባ አልፎ የሚገባ ከሆነ ያንቀዋል፤ ተለቅ ያለውን ይምረጡ። የመኪና ጎማ ቁራጭ ሽቦ አለበት፣ አይሆንም።

ለጉርሻ ጨው፣ በርበሬና ቅቤ ያልነካው ቋንጣ ያዘጋጁ፦ ቀይ ሥጋ በግማሽ ሴንቲሜትር ውፍረት ዘልዝለው አሥር ደቂቃ ይቀቅሉ፤ ማድረቅ ብቻውን ጀርም አይገድልም። ከዚያ ዝንብ በማይደርስበት ቦታ ሲታጠፍ እስኪሰበር ያድርቁ። ሽምብራ እያከለ ይቆራረጥ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን 600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል፣ ጉርሻ ከዚያ አንድ አሥረኛ አይለፍ፤ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ብቻውን ይህን ይሞላል።

የያዘውን አጥንት ሲጠብቅ የሚያጉረመርመውን ውሻ አይምቱ፣ አይንጠቁትም። ራቅ ብለው ቋንጣውን ወደ እሱ ይወርውሩ። አጥንቱን ትቶ ሲመጣ ሌላ ቁራጭ ይጨምሩለት፤ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንዳንዶቹ አጥንቱን ሳይወስዱበት ይተዉት። መቅረብዎ መነጠቅ እንዳልሆነ ሲያውቅ ጉርምርምታው ይቀንሳል። እስከዚያው ልጆች ሲበላ አይቅረቡት።